ለአመለወርቅ የተተከለ ድንኳን

በሩ ዛሬም አላወቃትም።

ናርዶስን ከተወለደችበት ቀን ጀምሮ የሚያውቃት በር ነው። ደጅ አዋቂ ይባላል፤ የሰውን እርምጃና ትንፋሽ ሰምቶ የቤቱን ልጅ ከእንግዳ ለይቶ የሚከፍት በር። ልጅ እያለች ከትምህርት ቤት እየሮጠች ስትመጣ ገና ከመታጠፊያው ይሰማትና ወለል ብሎ ይጠብቃት ነበር። ጉንፋን ሲይዛት እንኳ «ዛሬስ ደረትሽ ተዘግቷል» ይላት ነበር እንጂ አንድም ቀን ተሳስቶ አያውቅም። እናቷ ከተወሰደች ወዲህ ግን ደስ ሲለው ይከፍትላታል፣ ደስ ሳይለው ደጅ ያስጠናታል።

«ማን ልበል?» አላት፣ በዚያው በለመደችው ለስላሳ ድምፁ።

«እኔ ነኝ። ናርዶስ።»

«ይቅርታ እመቤት፣ አላወቅሁዎትም።»

ካለማወቁ ይልቅ አንቱ ማለቱ አንገበገባት። የገዛ ቤቷ በር አንቱ አላት! አንዴ በእግሯ መታችው፤ ከዚያ በሩ ምን ያድርግ ብላ ተወችው። የታዘዘውን ነው የሚያደርገው። ያዘዘው ደግሞ የውበት ባለአደራ ነው።

ባለአደራው ከተማዋን እንዲያሳምር ሥልጣን የተሰጠው መሥሪያ ቤት ነው፤ የሚያሳምራትም ደሃ ደሃውን እየለቀመ በማውጣት ነው። አሁን ተራው የሸክላ ተራ ሆኗል። ሸክላ ተራ ስንጥቁን ራሱ በሚደፍን ሸክላ የታነጸ የመጀመሪያው ሰፈር ነው፤ የናርዶስ አያቶች ሲገቡበት ጋዜጠኛ ከየአገሩ እየመጣ ፎቶ ያነሳው ነበር። ዛሬ አሮጌ ተባለና በቦታው አየር ላይ የሚንሳፈፍ መናፈሻ ሊሠራበት ነው። ነዋሪው ወደ ዓምዶቹ ይሂድ ተብሏል፤ ከከተማው ማዶ ወደቆሙት፣ ሊፍታቸው ከራስ ደጅ በቀር የትም ወደማይቆም ረጃጅም ሕንፃዎች። እዚያ የገባ ሰው የጎረቤቱን ስም ሳያውቅ ያረጃል።

የናርዶስ እናት ወይዘሮ አመለወርቅ «አንሄድም» ብላ ሰፈሩን ያስተባበረች ሴት ናት። ትግሏ ጩኸት አልነበረበትም። ቤት የሚያፈርሰው ማሽን ክንዱ የሚደርስበት ቦታ ላይ ሰው ካለ እንዳይንቀሳቀስ ተደርጎ መሠራቱን ሰማችና፣ የሰፈሩን ሴቶች ዱካ ዱካቸውን አስይዛ ከፊቱ አስቀመጠቻቸው። ምስር ታስለቅማቸው ጀመር። ማሽኑ ክንዱን አንስቶ ሲጠብቅ ይውላል፤ እነሱ ምስራቸውን ለቅመው፣ ያልመጣውን ሰው አምተው፣ ጀንበር ስታዘቀዝቅ ወደየቤታቸው ይገባሉ። በማግስቱም እንደዚያው። እንዲህ ሲሆን ሰንብቶ አንድ ቀን ረፋድ ላይ የባለአደራው ሰዎች አመለወርቅን ከወፍጮ ቤት ደጃፍ አንስተው ወሰዷት። ዱቄቷ እዚያው ቀረ።

ከዚያ ወዲያ የባለአደራው እጅ ወደ ልጇ ዞረ። በሩ ይክዳት ጀመር። ውኃው ሳሙና እስክትቀባ ጠብቆ ይቋረጣል። ከሥራዋም «ጉዳይሽ እስኪጣራ» ተብላ ታገደች፤ ምኑ እስኪጣራ እንደሆነ የሚነግራት ግን የለም። ይህን ሁሉ ትችለው ነበር። ያልቻለችው የእናቷን መኖርና አለመኖር አለማወቅን ነው።

ከድልድዩ ማዶ ወዳለው የዕረፍት ቤት ስንቅ ቋጥራ ትመላለሳለች። ባለአደራው እስር ቤቱን የዕረፍት ቤት ነው የሚለው። በመግቢያው ላይ የሚናገር ግድግዳ አለ፤ ድምፁ የከተማዋ አእምሮ ድምፅ ነው፣ የነዋሪውን ሁሉ ስምና ውሎ የሚያስታውሰው የትልቁ ማሽን። ስትጠይቀው ሁልጊዜ አንድ መልስ ይሰጣታል።

«በዚህ ስም በሕይወት ያለ ሰው አላውቅም።»

አመለወርቅን ከትውስታው ፍቀው አውጥተዋታል። ናርዶስ ስንቋን እንደቋጠረች ትመለሳለች።

ዛሬም እንዲሁ ተመልሳ በሩ ሲክዳት፣ ዞር ብላ በማድ ቤቱ መስኮት ለመግባት ወጣች። አንድ እግሯ ከውስጥ፣ አንድ እግሯ ከውጭ እንደሆነ ጥሩንባ ሰማች።

በዚያ ዘመን መርዶ የሚያረዳው በየሰፈሩ ያለው የሚናገር ግድግዳ ነበር። ሸክላ ተራ ግን የሞት ወሬ ከሰው አፍ ይሻላል ብሎ የዕድሩን ጥሩንባ ነፊ አልሻረም። ጥሩንባ ነፊው ጋሽ ደምሰው የአመለወርቅ የግድግዳ ጎረቤት ናቸው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ ሽማግሌ። ከመንገዱ ጫፍ ቆመው አንዴ ነፉ፣ ደገሙና ተጣሩ።

«የሸክላ ተራ ዕድር! ስማ! ወይዘሮ አመለወርቅ ደስታ ዐርፋለችና ለለቅሶ ውጣ!»

ናርዶስ ከመስኮቱ እንዴት እንደወረደች አታውቅም። ራሷን መሬት ላይ አገኘችው፤ ጉልበቷ ተልጧል፣ እትዬ ጥሩወርቅ ወገቧን ይዘዋታል። እትዬ ጥሩወርቅ የዕድሩ ሰብሳቢ ናቸው፤ ናርዶስን ስትወለድ ካቀፏት ሴቶች አንዷ። «አልቅሺ የኔ ልጅ፣ አልቅሺ» ይሏታል። ማልቀስስ መቼ አነሳት! ስንቁን እንደቋጠረች የተመለሰችባቸው ቀናት ሁሉ አንድ ላይ ነው የወጡት።

ድንኳን በሟች ደጅ ይተከላል። ይህ ደጅ ግን የሟችን ልጅ እንኳ አያስገባም። ጋሽ ደምሰው በሩን አየት አደረጉና «እንግዲያው ሬሳው ካለበት ነው ለቅሶው» አሉ። ማንም አልተከራከረም። ሴቱ ነጠላውን ዘቅዝቆ፣ ወንዱ የዕድሩን ድንኳን ተሸክሞ፣ ድልድዩን ተሻግረው ከዕረፍት ቤቱ መግቢያ ፊት ደረሱ። የዕድሩ ድንኳን ራሱን በራሱ የሚተክል ነው፤ ሆኖም ሁልጊዜ ተጣሞ ይቆማል፣ ሁልጊዜም ወንዶቹ ገመድ ይዘው ይሰዳደባሉ። ዛሬም ተጣሞ ቆመ። የተሳደበ ግን አልነበረም።

ብዙም ሳይቆይ በታኙ መጣ። በታኝ ሰው ሲሰበሰብ ከሰማይ የሚወርድ፣ ሰፌድ የሚያህል ክብ በራሪ ነው፤ ጆሮ የማይሰማውን፣ አንጀት ብቻ የሚሰማውን ድምፅ ይለቃል፤ ያን ጊዜ ጀግናም ቢሆን ወደ መጸዳጃ ቤት ይሮጣል። አንድ ሰሞን የእውነት ቀብር በትኖ አስከሬን አስፋልት ላይ ቀረና ከተማው ተነሣ። ባለአደራው ከዚያ ወዲህ ለቅሶ ላይነካ ማለ። በታኞቹ ላይ የሐዘን መለኪያ ተገጠመ። ድምፅን፣ እንባንና የልብ ምትን አይቶ የእውነት ለቅሶ ከሆነ አረንጓዴ መብራት ያበራል፣ ከፍ ብሎም ይጠብቃል። በአካባቢው ያለ ማሽን ሁሉ ለለቅሶው ክብር ሞተሩን ያጠፋል።

የናርዶስ ሥራ ይህን መለኪያ ማስተካከል ነበር። በምትሠራበት ላቦራቶሪ ውስጥ ሽንኩርት እያስከተፈች ሞክራዋለች፤ ቀይ አበራ። ከቴአትር ቤት ስመ ጥር ተዋንያን አስመጥታ ደረት አስመትታለች፤ ቀይ አበራ። ከአንዷ ተዋናይት ጋር እስከ ዛሬ አይነጋገሩም። መለኪያው አይታለልም። እሷ ናት እንዳይታለል ያደረገችው።

በታኙ ዝቅ ብሎ በለቀስተኛው ላይ ዞረ። በእትዬ ጥሩወርቅ፣ በጋሽ ደምሰው፣ በወፍጮ ቤቱ ባለቤት ላይ አለፈ። አረንጓዴ አበራ።

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ በናርዶስ ውስጥ አንዲት «ምናልባት» ነበረች። መለኪያው ግን አይሳሳትም፤ ይህ ሁሉ ሰው ከአንጀቱ ነው የሚያለቅሰው። እንግዲያው እውነት ነው። እናቷ ሞታለች።

ከድልድዩ ማዶ ማሽኖች ዝም ማለት ጀመሩ። በሸክላ ተራ አፋፍ ላይ አፍራሹ ማሽን ክንዱን አጥፎ ቆመ። የዕረፍት ቤቱ መኪኖች ሞተራቸው ጠፋ፤ የብረት በሩ አልንቀሳቀስ አለ። ከሌሎች ሰፈሮችም ዕድሮች እየሰሙ መጡ፤ ሁሉም ድንኳኑን፣ ሁሉም አግዳሚውን ይዞ። አመለወርቅን በስም የማያውቅ እንኳ ደርሶ ነጠላውን አዘቀዘቀ። ሰዓት እየገፋ ሲሄድ ከድልድዩ እስከ መግቢያው ሰው ነበር።

በመጨረሻ የዕረፍት ቤቱ ኃላፊ አቶ ልዑልሰገድ በጎን በር፣ በእጅ በሚከፈተው፣ ብቅ አለ። ፊቱ የተቆጣ ሰው ፊት አልነበረም፤ የተቸገረ ሰው ፊት ነበር።

«ምንድነው ይህ?»

«ለቅሶ ነው፣ ጌታዬ» አሉ ጋሽ ደምሰው።

«የማን?»

«የወይዘሮ አመለወርቅ። ሬሳዋን ስጡንና እንቅበር።»

«ሞተች ያላችሁ ማነው?»

«ግድግዳችሁ ነዋ! በዚህ ስም በሕይወት ያለ ሰው አላውቅም አለን። አንድ ጊዜ አይደለም፣ በጠየቅነው ቁጥር። እኛ በሕይወት ለሌለ ሰው ከማልቀስ ሌላ ምን እናውቃለን?»

አቶ ልዑልሰገድ የእጁን አንጓ ወደ አፉ አስጠግቶ በታኙን አዘዘው። በታኙ ከላይ «ለቅሶ ነው፤ አልበትንም» ሲል ሰው ሁሉ ሰማው። ደግሞ አዘዘው። ደግሞ እንዲያው አለ።

«ለቅሶው መቼ ነው የሚያበቃው?»

«ሬሳው ሲገኝ ነው የሚጀመረው» አሉ ጋሽ ደምሰው ቀስ ብለው። «ከዚያ ሦስት ቀን እንቀመጣለን። ሰልስቱን ደግሞ በወጉ ነው የምናወጣው።»

ሰውዬው ያንን ሁሉ ድንኳን አየ። የቆሙትን መኪኖች አየ። ለቅሶን የሚሽር ትእዛዝ አልነበረም፤ ባለአደራው ራሱ ነው እንዳይኖር ያደረገው። ያለው መንገድ አንድ ብቻ ነበር። ሟቿ በሕይወት እንዳለች ለከተማዋ አእምሮ ማስታወስ፣ አስታውሶም ለለቀስተኛው ማሳየት። ተመልሶ ገባ።

በጎን በሩ አንዲት ሴት ወጣች። ከስታለች፤ ቀሚሷ ተጨማድዷል፣ ፀሐዩ ዓይኗን አጨናበሰው። ድንኳኑን አየች። ለቀስተኛውን አየች። ያኔ፣ ማንም ምንም ሳይላት፣ ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደችና ዘቅዝቃ ለበሰች።

«ውይ በሞትኩት! ማንን አጣን?» አለች አመለወርቅ፣ እንባዋ ቀድሟት እየመጣ። «እኔ እዚህ ተዘግቼ! ማን ሞቶብን ነው?»

ናርዶስ ስትሮጥ ማንም አልያዛትም። አንገቷ ላይ ተጠምጥማ፣ «አንቺ ነሽ እማዬ፣ አንቺ ነሽ» ትላለች፤ እናቷ «ምን ሆኜ?» ትላለች፤ ሁለቱም ያለቅሳሉ። ከዚያ ከኋላ በኩል አንድ ሰው ሳቀ፤ ሳቁ እንደ እሳት ከድንኳን ወደ ድንኳን ተያያዘ። እልልታው ሲቀልጥ በታኙ ግራ የገባው መሰለ፤ አንዴ ቀይ፣ አንዴ አረንጓዴ እያበራ ወደ ላይ ወጣና ሄደ።

በማግስቱ የሌሎች ሰፈር ሰዎች ጥሩንባቸውን መወልወል ጀመሩ፤ በየሰፈሩ ግድግዳው የማያውቀው ሰው ነበርና። አንድ ጥሩንባ ሳይነፋ የዕረፍት ቤቱ ተከፈተ። ወጣቱም፣ ሽማግሌውም፣ በባሏ ፋንታ የተያዘችውም ወጡ። አፍራሹ ከአፋፉ «ለጊዜው» ተብሎ ተነሣ። ሸክላ ተራ በለጊዜው መኖር ያውቅበታል። በለቅሶው ዕለት ናርዶስ ከእናቷ ጋር ስትመለስ በሩ ገና ከመታጠፊያው ወለል ብሎ ጠበቃቸው። «ናርዶስ፣ ጉልበትሽን ምን ነካው?» አላት። ልትቀየመው አስባ አልሆነላትም።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ግን ጋሽ ደምሰው ለእናቷ እንኳን ደስ ያለሽ ሊሉ መጥተው ነገሩ ወጣ።

«ደግነቱ እኔ መኖርሽን አውቅ ነበር» አሉ አመለወርቅን፣ ሳያስቡት። «የእህቴ ልጅ ማቀዝቀዣ ሊጠግን እዚያ ገብቶ ከግድግዳው ወዲያ ‹ይህን ወጥ የሠራው ማነው? ጨው የሚባል ነገር አልሰማችሁም?› የሚል ድምፅ ሰማ። ሲነግረኝ እሷ ናት አልኩ። ሌላ ማን ይሆናል?»

አመለወርቅ በሳቅ ወደቀች። ናርዶስ አልሳቀችም።

«ያውቁ ነበር?»

ሽማግሌው የኩታቸውን ጫፍ ያፍተለትሉ ጀመር።

«ማን ማን ያውቅ ነበር፣ ጋሼ?»

«ያው ሰፈሩ... ካንቺ በቀር ሰፈሩ።»

«እናቴ ሞተች ብላችሁ አስለቀሳችሁኝ!» አለች። «እኔ ያን ቀን... ጋሼ፣ እኔ ያን ቀን ሞቼ ነበር እኮ!»

«ልንነግርሽ ፈልገን ነበር» አሉ መሬት መሬት እያዩ። «ግን ብንነግርሽ ደስ ይልሽ ነበር። ስንቱን ቀን መኖሯን ሳታውቂ ሰንብተሽ አለች ስትባዪ ደስታሽን የት ትደብቂዋለሽ? ያ ማሽን ደግሞ ያውቃል። ራስሽ ነሽ አይታለልም ያልሽን።»

ነገሩ ትክክል ነበር፤ ትክክል መሆኑ ይበልጥ አናደዳት። እንጀራ እንኳ ሳታቀርብላቸው ወደ ጓዳ ገባች።

በሳምንቱ ላቦራቶሪው ጠራት። እገዳው መነሣቱን ማንም አላነሳም፤ ኃላፊዋ በታኙን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ጠበቀቻት።

«ተበላሽቷል» አለቻት። «በቁም ላለች ሴት የእውነት ሐዘን ብሎ ፈርዷል። ጥፋቱን ፈልጊ።»

ናርዶስ ሽንኩርት አስከተፈች፤ ቀይ። የተጣላቻትን ተዋናይት ለምና አስመጣች፤ ቀይ፣ ሴትዮዋም ዳግመኛ ተቀየመች። ውሻው የሞተበት የጥበቃ ሠራተኛ ገና ደጁ ላይ ሲቆም አረንጓዴ አበራ። መለኪያው አልተበላሸም። እንግዲያው መኖሯን የሚያውቁ ሰዎች፣ አውቀው፣ እንዴት እውነተኛ እንባ አለቀሱ? በታኙ የቀረጸውን የዕለቱን ምስል አውጥታ አንድ በአንድ አየችው። የእትዬ ጥሩወርቅ ሐዘን ገና ከመጀመሪያው ጥሪ ጀምሮ ጥልቅ ነበር። አላስቻላትምና ከሥራ ስትወጣ ወደ እሳቸው ሄደች።

«እትዬ፣ እናቴ መኖሯን እያወቁ ለማን ነበር ያለቀሱት?»

እትዬ ጥሩወርቅ ያጥቡት የነበረውን ሳህን አስቀመጡ።

«መጀመሪያ ለማስመሰል ነው አፌን የከፈትኩት» አሉ። «ከዚያ አመለወርቄ ብዬ ልጣራ ስል የመጣው የእህቴ ስም ሆነ። ዓምዱ ውስጥ ሞታ፣ ጎረቤት ሳይሰማ፣ እኛም ሳንሰማ የተቀበረችው እህቴ። እሷን አላለቀስኳትም ነበር። ድንኳን አግኝቼ አላውቅም ነበራ።» እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ። «ጋሽ ደምሰውም ለቤቱ ነው ያለቀሰው፤ ነግሮኛል። ቤት ሲሞት ማን ድንኳን ይተክላል? ሁላችንም ያው ነን ልጄ። ያንቺ እናት በቁሟ ሆና ለሁላችን ደረሰችልን።»

ናርዶስ በማግስቱ ምስሉን እስከ መጨረሻው አየችው። አመለወርቅ በጎን በሩ ስትወጣ፣ ናርዶስ ስትሮጥ፣ ሲጠማጠሙ። በዚያች ቅጽበት የራሷን ልኬት አየችና ፊቷን ወደ ምስሉ አስጠጋች። በዚያ ቀን ከተለኩት ሐዘኖች ሁሉ ከፍተኛው እሱ ነበር። እናቷ ሞተች ሲባል ከለካው ይበልጣል። በሕይወቷ እንደዚያ ደስ ብሏት አያውቅም፤ መሣሪያው ግን ሐዘን ብሎ ነው የያዘው። በኋላ እልልታውን ሰምቶ ነው ግራ የገባው እንጂ እንባዋንስ አልለየውም።

ምስሉን መልሳ ደግማ አየችው።

«እሺ?» አለች ኃላፊዋ ስትመጣ። «ጥፋቱ ምን ሆነ?»

«መሣሪያው ጤነኛ ነው። ሐዘን ነው አለ፣ ሐዘንም ነበር።»

«በሕይወት ላለች ሴት?»

«ለማን እንደሚለቀስ እንዲያውቅ አልሠራነውም። አንችልምም።»

ወደ ቤቷ ስትመለስ አመለወርቅ ዱካዋ ላይ ሆና ከሴቶቹ ጋር ምስር ትለቅማለች፤ ማሽኑ የለም፣ ልማዱ ግን አልቀረም። ጋሽ ደምሰው ትንሽ ራቅ ብለው ጥሩንባቸውን ታቅፈው ተቀምጠዋል። ከዚያን ቀን ወዲህ ናርዶስን ሲያዩ አንገታቸውን ይደፋሉ። አጠገባቸው ሄዳ ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ ቢነግሩኝም ኖሮ አለቅስ ነበር» አለቻቸው። «ማሽኑም አያውቅብኝም ነበር። አየሁት።»

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩዋት። ደረታቸው ላይ ተቀምጦ የሰነበተ ነገር የወረደላቸው መሰለ፤ ዓይናቸውም እርጥብ አለ።

«እንግዲያው» አሉ፣ ጥሩንባቸውን በኩታቸው ጫፍ እየወለወሉ፣ «በሚቀጥለው ጊዜ እነግርሻለሁ።»